አልበርት ሴንት-ጆርጂ እና ስሙ የተሰረዘው ቫይታሚን

ሀንጋሪያዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ አልበርት ሴንት-ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1893 በቡዳፔስት ተወለዱ። ሕክምና በመማር ላይ ሳሉ ወደ ጦር ግንባር ተላኩ፤ እልቂቱ ሲያንገፈግፋቸው የገዛ ክንዳቸውን በጥይት መትተው ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ።

ምርምራቸው የጀመረው ከተራ ጥያቄ ነበር፦ የተቆረጠ ሙዝ ሲጠቁር ሎሚ ስለምን አይጠቁርም? በካምብሪጅ ኦክሳይድ መሆንን የሚገታ አሲድ ለይተው አወጡ። በሴጌድ ዩኒቨርሲቲ በ1932 ይኸው አሲድ ቫይታሚን ሲ መሆኑ ታወቀ፤ የአካባቢው ቀይ በርበሬም ንጹሑን ቫይታሚን በኪሎ አስገኘላቸው።

ይበልጥ የሚያከራክረው ግን ቀጣዩ ሥራቸው ነው። ቀጫጭን የደም ሥሮቻቸው እየሳሱ ለሚደሙ አንዳንድ ሕሙማን ያልተጣራው የበርበሬና የሎሚ ጭማቂ ሲበጅ፣ ንጹሑ ቫይታሚን ሲ ሳይበጅ ቀረ። ሴንት-ጆርጂና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1936 ምክንያቱን ለፍላቮኖይዶች ሰጥተው ቫይታሚን ፒ ብለው ሰየሟቸው። በማግስቱ ዓመት የኖቤል ሽልማት ቢቀበሉም ቫይታሚን ፒ በተከታታይ ሙከራዎች አልጸናም፤ በ1950 ስያሜው እንዲቀር ተወሰነ። ውሳኔው ተገቢ ነበር፤ ምልከታው ግን አብሮ መጣል አልነበረበትም። ዛሬ ፍላቮኖይዶች የደም ሥርን ውስጠኛ ሕዋሳት ከኦክሳይድ ጉዳት ሲከላከሉ በቤተ ሙከራ ይታያል፤ ወደ ሰው ደም የሚደርሰው መጠን ግን እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ክርክሩ ቀጥሏል።

ሴንት-ጆርጂ በ1947 ወደ አሜሪካ ተሰደው በዉድስ ሆል ሲመራመሩ ኖሩ፤ በ1986 በዚያው አረፉ።