ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

ተማሪዎች፤ በሳንሱሲም ሆነ በሌላ ሰፈር ዘፈን ያለ ክፍያ ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ አይታችሁ ይሆናል። የድካሙን ዋጋ የሚያጣው ማን እንደ ሆነ ለመረዳት ይህን ታሪክ አንብቡ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሚንጃር ተወለዱ። በግጥማቸውና በመሰንቋቸው የታወቁ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ለሙያ ትምህርት ወደ ጀርመን ላኳቸው። እዚያም ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ በዚህም ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ ሆኑ።

ከሸክላ በፊት አዝማሪ እንጀራውን የሚያገኘው ፊት ለፊት ከሚያዳምጠው ሰው ሽልማት ነበር። ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ መሸጥ ሲጀምር ግን ዘፋኙ በሌለበት ሌላው የሚጠቀምበት መንገድ ተከፈተ። ስለዚህም ሕግ አስፈለገ። የደራሲን መብት የደነገገው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ሸክላው ከተቀረጸ ግማሽ ምዕት ዓመት ሆኖት ነበር። ነጋድራስ ተሰማም ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖረው ዐረፉ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የሥራው ጥቅም በሕይወት ዘመኑ ለደራሲው፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሕዝብ ሀብት ይሆናል። የነጋድራስ ተሰማ ግጥም ዛሬ የሁላችን ነው፤ ስማቸው ግን ምንጊዜም ከሥራቸው ጋር ሊጠራ ይገባል። በሕይወት ያለ ድምፃዊ ግን በሥራው ይተዳደራልና፣ ሳትከፍሉ ስትገለብጡ የማንን እንጀራ እንደምትወስዱ አስቡ።