ዶክተር ሉሲ ዊልስና የነፍሰ ጡር እናቶች ቪታሚን

ነፍሰ ጡር እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከብረት ጋር የሚሰጣት የፎሊክ አሲድ እንክብል ታሪኩ የሚጀምረው ከቦምቤይ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ዘንድ ነው። የታሪኩ ባለቤት እንግሊዛዊቷ ሐኪም ዶክተር ሉሲ ዊልስ ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ዊልስ በ1888 በበርሚንግሃም አቅራቢያ በሳተን ኮልድፊልድ ተወለዱ። በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኒውንሃም ኮሌጅ ዕፅዋትንና ሥነ ምድርን አጥንተው በ1911 ጨረሱ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በዚያ ዘመን ለሴቶች ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ኋላም ለንደን በሚገኘው የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1920 በሐኪምነት ተመረቁ።

በ1928 ወደ ሕንድ ተሻገሩ። በቦምቤይ ብዙ ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ይልቁንም የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ከመጠን በላይ በሚተልቁበት ብርቱ የደም ማነስ ይሠቃዩ፣ ብዙዎቹም ይሞቱ ነበር። ዶክተር ዊልስ በመጀመሪያ መንሥኤው ተሕዋስያን እንደሆኑ ጠርጥረው መረመሩ፤ አላገኙም። ከዚያም የሴቶቹን ምግብ ማጥናት ጀመሩ፤ ፍራፍሬና አትክልት እጅግ የጎደለው ሆኖ አገኙት። ተመሳሳይ ምግብ ከተሰጣቸው ጦጣዎች አንዷ ልትሞት ስትቃረብ ማርማይት የተባለውን ርካሽ የእርሾ ጭማቂ ቢሰጧት ዳነች። ሴቶቹም በዚሁ ዳኑ። ውጤቱን በ1931 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

ፈዋሹ ንጥረ ነገር ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም ነበር። በዚያን ጊዜ ሌላ ዓይነት የደም ማነስ በጉበት ጭማቂ ይታከም ነበር። ዶክተር ዊልስና ባልደረቦቻቸው ያልተጣራው የጉበት ጭማቂ ሴቶቹን ሲያድን፣ ተጣርቶ የተዘጋጀው ግን እንደማያድናቸው አረጋገጡ። ስለዚህ የሚፈለገው ሌላ ነገር፣ በማጣራቱ ጊዜ የሚወገደው ነው ማለት ነው። ይህ ስሙ ያልታወቀ ነገር የዊልስ ንጥረ ነገር ተባለ። በ1941 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ4 ቶን ስፒናች ጥቂቱን ለይተው አወጡና፣ ቅጠል ከሚለው የላቲን ቃል ፎሊክ አሲድ ብለው ሰየሙት።

ዶክተር ዊልስ ትዳር አልያዙም፤ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄዱ፣ በቼልሲም የሠራተኛው ፓርቲ የምክር ቤት አባል የነበሩ ሴት ናቸው። በ1964 አረፉ።

ከሞታቸው በኋላ የሥራቸው ሌላ ፍሬ ታየ። የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚወጡበት የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን ይችላል። በ7 አገሮች የተካሄደው የ1991 ጥናት እንዳሳየው፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የፀነሱ እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ጉዳቱ የሚደገምበት ዕድል በ72 በመቶ ቀነሰ። ቪታሚኑ ከዚህ አልፎ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ምን ያህል እንደሚያግዝ ግን ጥናቶቹ አንድ ቃል አልሆኑም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ እኛ ሙያ ይመጣል። ብዙ ሴቶች በእነዚያ 28 ቀናት መፀነሳቸውን ገና አያውቁምና፣ እንክብሉ በጤና ጣቢያ ሲሰጣቸው ጊዜው አልፏል። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት ከ1998 ጀምሮ ፎሊክ አሲድ በዱቄት ውስጥ እንዲጨመር አስገደደ፤ መጠኑ በአንድ ቶን ዱቄት 1.5 ግራም ያህል ነው። ይህን ኢምንት በመላው ዱቄት እኩል ማዳረስ የመጋቢና የማደባለቂያ መሣሪያዎች፣ የናሙና ቁጥጥርም ሥራ ነው። ኢትዮጵያም በ2022 ለስንዴ ዱቄት አስገዳጅ ደረጃ አጽድቃለች። ነገር ግን ጤፏንና በቆሎዋን በመንደር ወፍጮ የምታስፈጭ እናት ከፋብሪካው ዱቄት አትደርስም። ለዚያች እናት ወፍጮ የሚሆን አነስተኛ መጋቢ መሥራት ከመሐንዲሶች የሚጠበቅ ነው።