ሮበርት ካፓና ካሜራዎቹ



በትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ክበብ ውስጥ ዘንድሮ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ነገር የመጀመሪያው ዲጂታል ኤስ ኤል አር ካሜራችን ካኖን ይሁን ወይስ ኒኮን የሚለው ጥያቄ ነው። ያጠራቀምነው ገንዘብ ለአንድ ያገለገለ ካሜራና ለአንድ ሌንስ ብቻ የሚበቃ ስለ ሆነ፣ አንዱን ከገዛን በኋላ ወደ ሌላው መዞር አንችልም፤ የአንዱ ፋብሪካ ሌንስ በሌላው ካሜራ ላይ እንደ ልብ አይገጥምምና። ስለዚህ ክርክሩ የኳስ ቡድን ደጋፊዎችን ክርክር እስኪመስል ድረስ ጋለ። እኔም ነገሩን ሳሰላስል የሮበርት ካፓ ታሪክ ትዝ አለኝና ለመጽሔታችን ባጭሩ ልጽፈው ተነሣሁ። ካፓ በዘመኑ ስመ ጥር የሆነ የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ። በሕይወቱም ከአንድ ፋብሪካ ካሜራ ወደ ሌላ ፋብሪካ ካሜራ ተሻግሯል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ካፓ ሲወለድ የወጣለት ስም ኤንድሬ ፍሪድማን ነበረ። የተወለደው በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ኦክቶበር 22 ቀን 1913 ሲሆን፣ ወላጆቹ በልብስ ስፌት ሥራ የሚተዳደሩ አይሁድ ነበሩ። ገና ተማሪ ሳለ በፖለቲካ ተጠርጥሮ ታሰረ፤ ከተፈታም በኋላ በ1931 በ17 ዓመቱ አገሩን ለቆ ወደ በርሊን ተሰደደ። ሐሳቡ ጋዜጠኝነትን መማር ነበረ፤ ነገር ግን የወላጆቹ ንግድ እየደከመ ስለ ሄደ የሚልኩለት ገንዘብ ተቋረጠና ዴፎት በሚባል የፎቶግራፍ ድርጅት ውስጥ የጨለማ ክፍል ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ለስደተኛ ብዕር የሰው አገር ቋንቋ ይጠይቀዋል፤ ካሜራ ግን ይህን አይጠይቀውም።

የመጀመሪያ ዕድሉን የከፈተለት ላይካ የተባለው ካሜራ ነው። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚይዙት ትልቅና ከባድ ካሜራ ነበረ። ላይካ ግን በ1925 ለገበያ የቀረበ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። የፈጠረው ኦስካር ባርናክ የተባለ በቬትስላር ከተማ በላይትስ ፋብሪካ የሚሠራ መሐንዲስ ሲሆን፣ ጤናው ደካማ ስለ ነበረ ከባዱን ካሜራ ተሸክሞ መሄድ ያቅተው ነበር ይባላል። ስለዚህ ለሲኒማ የሚሠራውን ፊልም ወስዶ ስፋቱ 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ምስል የሚያነሣ ትንሽ ካሜራ ሠራ። ይህን ልክ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ዛሬም ዋጋቸው ከፍ ባሉት ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ልኩ ይኸው ነው።

በኖቬምበር 1932 በስደት ላይ የነበረው የሩሲያ አብዮት መሪ ትሮትስኪ በኮፐንሃገን ንግግር ሲያደርግ፣ ዴፎት ወጣቱን ፍሪድማንን ላከው። ትላልቅ ካሜራ የያዙት ሲከለከሉ እርሱ ትንሹን ላይካ ይዞ ገባና ተናጋሪውን ከቅርብ ሆኖ አነሣው፤ ሥዕሎቹም በበርሊን ጋዜጣ ታተሙ። ዕድሜው ያን ጊዜ 19 ዓመት ነበረ።

በሚቀጥለው ዓመት ሂትለር ሥልጣን ስለ ያዘ ፍሪድማን እንደ ገና ተሰደደ፤ መጨረሻ ላይም ፓሪስ ገባ። በፓሪስ ኑሮው እጅግ የከፋ ስለ ነበረ ላይካውን በተደጋጋሚ መያዣ እያደረገ ይበደርበት ነበር። ሥራ ሲገኝ ካሜራው መያዣ ቤት ነው፤ ካሜራውን ለማስለቀቅ ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል። ካሜራን የሚያህል ውድ ዕቃ ለድኻ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም፤ በክበባችን ውስጥ የመጨረሻው ዓይነት ካሜራ ካልሆነ የሚሉ ጓደኞቼም ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

በ1934 ከጀርመን የተሰደደች ገርዳ ፖሆሪሌ የምትባል ወጣት ሴት ተዋወቀ። ሁለቱም አንድ ብልሃት ፈጠሩ፤ ይኸውም ሮበርት ካፓ የሚባል ሀብታም አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ እንዳለ አስመስለው የፍሪድማንን ሥራ በዚህ ስም በተሻለ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። ብልሃቱ ብዙ ሳይቆይ ታወቀ፤ ስሙ ግን ለሁልጊዜ ተረፈ። እርስዋም ገርዳ ታሮ ተባለች።

በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ሁለቱ አብረው ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ። ጥይት መትቶት ሲወድቅ የሚታየው ወታደር ሥዕል ካፓን በዓለም ያስጠራው በዚያው ዓመት ነው፤ እውነተኛ ነው ወይስ የተቀነባበረ በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ያን ጊዜ እርሱ በላይካ ሲያነሣ፣ ታሮ ጎኖቹ እኩል የሆነ ምስል በሚሰጥ ከፍ ያለ ካሜራ ታነሣ ነበር። በ1937 ግን ላይካው ወደ ታሮ እጅ ተላለፈና ካፓ ኮንታክስ ያዘ።

እዚህ ላይ ስለ ኮንታክስ ጥቂት መናገር ይገባኛል፤ የዛሬው የካኖንና የኒኮን ፉክክር አባቱ የላይካና የኮንታክስ ፉክክር ነውና። ዛይስ ኢኮን የሚባለው የድሬስደን ፋብሪካ በ1932 ኮንታክስን ያወጣው ላይካን ለመብለጥ ሲል ነው። በ1936 የወጣው ሁለተኛው ኮንታክስ ርቀት የሚለካበት መስኮትና ምስሉ የሚታይበት መስኮት አንድ ላይ የተዋሐዱለት ነበረ፤ በላይካ ግን ሁለቱ ለየብቻ ስለ ነበሩ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር ነበረበት። የላይካ ሌንስ እንደ ብሎን እየዞረ ሲገባ፣ የኮንታክስ በትንሽ ዙር ጠቅ ብሎ ይቀመጣል። መዝጊያውም በሰከንድ እስከ 1/1250ኛ ድረስ ይፈጥን ነበር። በሌላ በኩል የላይካ መዝጊያ ቀላል የጨርቅ ሥራ ሲሆን፣ የኮንታክስ ከብዙ ቀጫጭን ብረት የተሠራ ስለ ሆነ ሲበላሽ ጠጋኙን እጅግ ያስቸግራል። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የነበረ ወጣት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ቀላል አልነበረም። ጥይት በሚተኮስበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ግን አንድ መስኮት ከሁለት መስኮት እንደሚሻል ለመገመት ወታደር መሆን አያሻም።

ታሮ በጁላይ 1937 በብሩኔቴ ጦርነት ቆስላ ሞተች። ገና 27 ዓመት አልሞላትም ነበር። ካፓ ያን ጊዜ በፓሪስ ነበረ፤ ኀዘኑም ጽኑ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ጃፓን የወረረቻትን ቻይናን ሊያነሣ ሄደ፤ በ1938 መጨረሻም ፒክቸር ፖስት የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የዓለም ታላቁ የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ አድርጎ አቀረበው። ዕድሜው 25 ዓመት ነበረ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ፣ በሲሲሊና በጣልያን ከሠራ በኋላ፣ ጁን 6 ቀን 1944 ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር በኖርማንዲ ኦማሃ በተባለው ጠረፍ ወረደ። በእጁ የነበሩት ካሜራዎች ሁለት ኮንታክሶች ሲሆኑ፣ ሌንሳቸው ባለ 50 ሚሊሜትር ነበረ። የሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ አልነበረም፤ ስለዚህ ሰውን በቅርብ ለማንሣት ራሱ መቅረብ ነበረበት። ከዚያ ጠረፍ ካነሣቸው ሥዕሎች የተረፉት አሥር ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት በለንደን የጨለማ ክፍል ውስጥ በሙቀት ብዛት ተበላሹ ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ በቅርብ ዓመታት ግን ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ይህን ይጠራጠራሉ። የተረፉት ሥዕሎች የጠሩ አይደሉም፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ነገር ግን በውሃው ውስጥ የሚሳበውን ወታደር ፊት ያየ ሰው ስለ ጥራት አይጠይቅም። የትኛው ሌንስ ጥቂት ይጠራል እያልን ሌሊት ስንከራከር ያመሸን ሁሉ እነዚያን ሥዕሎች ብናይ ጥሩ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። በ1947 ከሄንሪ ካርቲየ ብሬሶን፣ ከዴቪድ ሲሙር፣ ከጆርጅ ሮጀርና ከሌሎች ጋር ሆኖ ማግነም የተባለውን የፎቶግራፍ አንሺዎች ማኅበር አቋቋመ፤ የማኅበሩም ዋና ዓላማ የሥዕሉ ባለቤት መጽሔቱ ሳይሆን ያነሣው ሰው እንዲሆን ነው። በዚያው ዓመት ከደራሲው ከጆን ስታይንቤክ ጋር በሶቪየት ኅብረት ተዘዋወረ።

በኤፕሪል 1954 ማይኒቺ የተባለው የጃፓን ጋዜጣ ድርጅት ጋበዘውና ወደ ጃፓን ሄደ። በዚያን ጊዜ የጃፓን ካሜራ ስሙ እየገነነ ነበረ። የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንከን በ1950 በቶኪዮ የኒኮንን ፋብሪካ ሌንሶች ሞክሮ ጥራታቸው ስላስደነቀው በኮሪያ ጦርነት ሠርቶባቸዋል፤ ወሬውም ፈጥኖ ተሰማ። የሚያስገርመው ነገር፣ የኒኮን ካሜራ የሌንስ መግጠሚያውንና መልኩን ከኮንታክስ፣ የጨርቅ መዝጊያውን ደግሞ ከላይካ የወሰደ መሆኑ ነው፤ ሁለቱን ባላንጣዎች በአንድ ሣጥን አስታረቃቸው ማለት ይቻላል። ካኖን ግን የላይካን መንገድ ተከተለ። ከዚህም የበለጠ የሚያስቀኝ አለ፤ በ1936 የወጣው የመጀመሪያው የካኖን ካሜራ ሌንስ የተሠራው በዛሬው ተፎካካሪው በኒኮን ፋብሪካ ነበረ! በክበባችን ስብሰባ ላይ ይህን ስናገር ከሁለቱም ወገን ለጊዜው ጸጥ አሉ።

ሁለቱም ፋብሪካዎች መስተዋት ያለበትን ኤስ ኤል አር በ1959 አወጡ። በዚህ ዓይነት ካሜራ በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስተዋት ተመልሶ ለዓይን ይታያል፤ ሲጫኑት መስተዋቱ ይነሣና ብርሃኑ ፊልሙ ላይ፣ በዲጂታሉም ሰሌዳው ላይ ያርፋል። ኒኮን የ1959ኙን የሌንስ መግጠሚያ እስከ ዲጂታሉ ኤስ ኤል አር ድረስ ይዞ ሲቆይ፣ ካኖን በ1987 አሮጌውን ትቶ አዲስ ጀመረ። ስለዚህ የቀድሞው የካኖን ሌንስ በዲጂታሉ አይገጥምም፤ ከ1987 ወዲህ የተሠራው ግን ርቀት ማስተካከያ ሞተሩ በራሱ ውስጥ ስለ ሆነ በአብዛኞቹ የካኖን ዲጂታል ኤስ ኤል አር ካሜራዎች ላይ ይሠራል። የኒኮን ርካሾቹ ካሜራዎች ሞተር ስለሌላቸው አንዳንዱን ሌንስ በእጅ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ከ1977 በፊት የተሠራውንም በአንዳንዱ ካሜራ ላይ በግድ መግጠም ጉዳት ያመጣል። ዛሬ ሁለቱም ፋብሪካዎች ፊታቸውን መስተዋት ወደሌለው ካሜራ ስላዞሩ ያገለገለ ኤስ ኤል አር በደህና ዋጋ ይገኛል፤ ለእኛ ጥሩ ነው። የእኔ ድምፅ ለኒኮን ነው። ምክንያቴም የአንዱ አባላችን አባት ከፎቶ ቤታቸው የቀሩ ከ1977 ወዲህ የተሠሩ ሦስት የኒኮን ሌንሶች ሊያውሱን ፈቃዳቸው መሆኑ ነው። የካኖን ሌንሶች ቢኖሯቸው ኖሮ ለካኖን በሰጠሁ ነበር።

ወደ ካፓ ልመለስ። በጃፓን ሳለ ላይፍ መጽሔት በኢንዶቺና ከሚዋጋው የፈረንሳይ ጦር ጋር እንዲሄድ ጠየቀው፤ እርሱም ተቀበለ። ሜይ 25 ቀን 1954 ከናም ዲን ወደ ታይ ቢን ከሚሄደው ጦር ጋር ሲጓዝ ሁለት ካሜራ ይዞ ነበር፤ በኮንታክሱ ጥቁርና ነጭ፣ በኒኮኑ የቀለም ፊልም ጎርሷል። ከሰዓት በኋላ ከመኪናው ወርዶ በሣር ውስጥ የሚያልፉትን ወታደሮች በሁለቱም አነሣ። ጥቂት ቆይቶ ፈንጂ ረገጠ። ሲያገኙት ኮንታክሱ በእጁ ነበረ፤ ኒኮኑን ፍንዳታው ርቆ ወርውሮታል። የሞተው በ40 ዓመቱ ነው። የመጨረሻዎቹ ሥዕሎች ከሁለቱም ካሜራዎች ፊልም ታጥበው ወጡ።

ወንድሙ ኮርኔል ካፓ በ1974 በኒው ዮርክ የዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ማእከልን አቋቋመ። ካፓ በ1939 በፓሪስ ትቷቸው የጠፉት የስፔን ፊልሞች፣ 4,500 ያህል ሥዕሎች፣ በሜክሲኮ ከተማ ተገኝተው በ2007 ወደዚህ ማእከል ገቡ። ከሣጥኖቹ የወጡት የካፓ፣ የታሮና የሲሙር ሥራዎች ናቸው። ሊቃውንቱም የስፔኑን ሥራ ካፓ ያነሣው የቱ፣ ታሮም ያነሣችው የቱ እንደ ሆነ ለመለየት ከሚያዩአቸው ምልክቶች አንዱ ፊልሙ በየትኛው ካሜራ ውስጥ እንዳለፈ ነው።