የደረቀ ደም ያናገሩት ፕሮፌሰር ሌዎኔ ላቴስ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በ652ኛው አንቀጽ አመንዝራነትን ያስቀጣል፤ ክሱም የሚነሣው ተበዳዩ ባል ወይም ተበዳይዋ ሚስት አቤት ሲሉ ብቻ ነው። በሐዋሳ ከተማ ሕግ የሚማሩ ወጣቶች፣ በየፍርድ ቤቱም አዲስ የተሾሙ ሠራተኞች ይህን አንቀጽ ሲያነቡ፣ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ በምን ይጣራል ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ፣ የባልና ሚስትን ጠብ በቤተ ሙከራ የመረመሩትን ሊቅ ታሪክ ለአንባቢያን ልናቀርብ ወደናል።

ሌዎኔ ላቴስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር፣ በቶሪኖ ከተማ፣ ከአይሁድ ወገን ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሕክምናን ከተማሩ በኋላም ለዳኞች ምስክር የሚሆነውን የሕክምና ክፍል መረጡ። በ1901 የቪየናው ሊቅ ካርል ላንድሽታይነር የሰው ደም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን አስታውቀው ነበር። ላቴስን ያሳሰባቸው ግን በጨርቅ ላይ ደርቆ የከረመ ደም ዓይነቱ ይታወቅ እንደ ሆነ ነው።

በ1915 አንድ የቶሪኖ ሰው ሸሚዙን ይዞ መጣ። ሚስቱ በሸሚዙ ላይ የደም ጠብታ አይታ፣ ከሌላ ሴት ጋር ሄደሃል እያለች ሦስት ወር ሙሉ ዕረፍት ነሥታው ነበር። የሞተ ሰው የለ፣ የጠፋ ገንዘብ የለ! ሌላ ሐኪም ቢሆን ስቆ ያሰናብተው ነበር እንላለን። ላቴስ ግን የደረቀውን ደም በጨው ውሃ አርሰው፣ ከባልና ከሚስቱ ደም ጋር አስተያዩት። የሸሚዙ ደም የራሱ የባልየው ሆኖ ተገኘ፤ ሰውየውም ንጽሕናውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በኋላ ዘዴውን አቃለሉት። ከደረቀው ደም ቅርፊት ጥቂት በመስተዋት ላይ አኑረው፣ ዓይነቱ የታወቀ አዲስ ቀይ የደም ሕዋስ ይጨምሩበትና በማይክሮስኮፕ ይመለከታሉ። የኤ ዓይነት ደም ከሆነ የቢን ሕዋሳት አያይዞ ያጓጉላቸዋል፤ ኦ ከሆነ ሁለቱንም፤ ኤቢ ከሆነ አንዱንም አይነካም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከመቈየት ብዛት ኃይሉ የጠፋ ደምም አንዱን ሳይነካ ይቀራልና፣ ያልተጠነቀቀ መርማሪ ኤቢ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

ከሁሉ በላይ ወጣት ዳኞች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የደም ዓይነት፣ ይህ ደም የእገሌ አይደለም ለማለት ይበቃል፤ የእገሌ ነው ለማለት ግን አይበቃም፤ አንዱን ዓይነት ሚሊዮን ሰዎች ይካፈሉታልና። ከ1930ዎቹ ወዲህ በአብዛኛው ሰው ምራቅና በወንድ ዘርም ውስጥ የደሙ ዓይነት እንደሚገኝ ታወቀ፤ ይህም ምርመራውን ቢያሰፋው እንጂ ከዚህ ወሰን አላወጣውም። በ1984 በእንግሊዝ አገር አሌክ ጄፍሪስ በዲ.ኤን.ኤ. ሰውን ከሰው የሚለዩበትን መንገድ አገኙ። በዚህ መንገድም ቢሆን ጠብታው የማን እንደ ሆነ እንጂ በምን ምክንያት በልብሱ ላይ እንደ ወደቀ አይታወቅም።

ላቴስ በሞዴናና በፓቪያ አስተማሩ፤ በ1923 ስለ ደም የጻፉት ትልቅ መጽሐፍም በሌሎች ቋንቋዎች ተተረጐመ። ነገር ግን የፋሺስት መንግሥት፣ የሲዳሞ ገዢ የነበሩትን ራስ ደስታ ዳምጠውን በየካቲት 1937 በግፍ የገደለው ያው መንግሥት፣ በ1938 የዘር ሕግ አውጥቶ አይሁድን ከዩኒቨርሲቲ አባረረ። ስለ ንጹሕ ደም ብዙ የሚለፍፉት ሹማምንት ከአገሩ ሁሉ ደምን አብልጠው የሚያውቁትን ሰው ማባረራቸው ያስገርመናል። ላቴስ ወደ አርጀንቲና ተሰደዱ፤ ከጦርነቱ በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1954 ዐረፉ።