ከሽፍትነት እስከ ዙፋን፦ የቋራው ካሳ

ካሳ ኃይሉ በ1818 እ.ኤ.አ. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ፤ በገዳም ተማረ፤ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ። ክንፉ በ1839 ሲሞቱ ቋራ በእቴጌ መነን እጅ ገባች። ካሳም ሸፈተ።

የሽፍታ አለቃ ደመወዝ አይከፍልም፤ ሹመትም የለውም። ሰው የሚከተለው ለድፍረቱና የዘረፈውን አዳልቶ ስለማያካፍል ነው። ካሳ ደግሞ ለተቸገረው ገበሬ የእርሻ መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ቆላው ደበቀው፤ ተከታዩም በዛ። በጉልበት ያልቻሉት ገዢዎች የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። እሱ ግን እንደገና ሸፈተ። በ1852 ጉር አምባ ላይ ጎሹን፣ በ1853 አይሻል ላይ ዓሊን፣ በ1855 ደረስጌ ላይ ውቤን አሸንፎ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ።

በ1862 የቤተ እስራኤል ካህናት በፊቱ ከሚሲዮናውያን ጋር ስለ ሃይማኖታቸው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት አባ ማሕሪ ሕዝባቸውን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ ብዙዎቹ ትግራይ ውስጥ በረሃብና በበሽታ አለቁ።

ንጉሡም ኢየሩሳሌምን ከቱርኮች ነጻ ማውጣት ይመኝ ነበር። ነገር ግን የበዛው ሠራዊቱ ገበሬውን እየዘረፈ መኖር ጀመረ፤ ቀድሞ የደበቀው አገር ከዳው። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ራሱን ገደለ።

ዛሬ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ መንገድ የምናየው የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ከእሱ በኋላ በዐፄ ዮሐንስና በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው። በዚያ ስናልፍ ንጉሡንም፣ በመንገድ የቀሩትን አያቶቻችንንም እናስብ።