ሪዛሙ አበጋዝ፦ የጓን ዩ ሕይወትና የጺም ትርጉም በጥንታዊት ቻይና

በቻይና ታሪክ ውስጥ በጺሙ የጓን ዩን ያህል የታወቀ ሰው የለም። በቤተ መቅደስ፣ በነጋዴ ሱቅና በቲያትር መድረክ የሚታየው ምስሉ ቀይ ፊትና እስከ ደረት የሚወርድ ጥቁር ጺም አለው። ይሁን እንጂ ከሞተ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ቼን ሾው የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ባዘጋጀው የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ፣ በጓን ዩ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ጺሙ የሚነሣው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ እርሱም ስለ አንድ ደብዳቤ የሚናገር አጭር ምዕራፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የጓን ዩን ሕይወት ከዚያ ደብዳቤ ጋር እያገናኘ ይተርካል። ዓላማውም ጺም በሃን ሥርወ መንግሥት ፍጻሜ ዘመን የነበረውን ትርጉም መመርመር፣ ለአንድ ሰው የክብር ምልክት የሆነው ነገር ለውድቀቱ ምክንያት ከሆነው ጠባይ ጋር እንዴት እንደ ተቆራኘም ማሳየት ነው። ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጺም፣ አደራና ሕግ

በጥንታዊት ቻይና ጺም ከመልክ ያለፈ ነገር ነበር። ልጅ ለወላጆቹ ስለሚገባው አክብሮት የሚያስተምረውና በሃን ዘመን በሰፊው ይጠና የነበረው ሺያኦ ጂንግ የተባለው መጽሐፍ፣ ሥጋ፣ ጠጕርና ቆዳ ከአባትና ከእናት የተቀበሉት አደራ መሆኑን ያስገነዝባል፤ ይህን አደራ ሳያጐድሉ መጠበቅም የልጅ ግዴታ መጀመሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህ ማለት ግን ጺም አይስተካከልም ማለት አልነበረም። ከ1974 ጀምሮ ከመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት መቃብር አጠገብ ተቆፍረው የወጡት የሸክላ ወታደሮች አብዛኞቹ ጺም ያላቸው ሲሆኑ፣ የጺማቸው ቅርጽ ልዩ ልዩ ነው። የሚያስነውረው በራስ ፈቃድ መከርከሙ ሳይሆን በሌላ ሰው እጅ መነጠቁ ነበር።

ሕጉም ይህን አስተሳሰብ ያንጸባርቃል። በ1975 ዛሬ ሁቤይ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሹይኹዲ በተባለ ስፍራ፣ ከአንድ የቺን መንግሥት ሹም መቃብር በቀርከሃ ላይ የተጻፉ የሕግ ሰነዶች ተገኝተዋል። ከእነርሱም አንዱ፣ በጠብ ጊዜ ሰውን አስሮ ጺሙንና ቅንድቡን ነቅሎ የጨረሰ ሰው በከባድ የግዳጅ ሥራ እንደሚቀጣ ያመለክታል። በሌላ በኩል መንግሥት ራሱ ጺምን በመላጨት ይቀጣ ነበር። ከቺን ወደ ሃን የተላለፈው ናይ የተባለው ቅጣት የጥፋተኛውን ጺም የሚያስላጭ፣ የራስ ጠጕሩን ግን የሚተውለት ነበር። እንዲህ የተቀጣ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ጥፋቱን በፊቱ ላይ ተሸክሞ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ጺም አልባነት ለሞት የዳረገበት ዘመን

ጓን ዩ የተወለደው በኸዶንግ አውራጃ፣ ሺዬ በተባለ ወረዳ ሲሆን፣ ስፍራው ዛሬ በሻንሺ ክፍለ ሀገር ዩንቼንግ አካባቢ ይገኛል። ከትውልድ ስፍራው ሸሽቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዡዎ አውራጃ ሄደ። በዚያም ጭፍሮች ይሰበስብ ከነበረው ከሊዩ ቤይ ጋር ተገናኘ፤ ዣንግ ፌይ ከተባለው ሌላ ጦረኛ ጋርም ሎሌው ሆነ። ቼን ሾው እንደሚመሰክረው ሦስቱ በአንድ መኝታ ያድሩ፣ እንደ ወንድማማችም ይዋደዱ ነበር። ሕዝብ በተሰበሰበበት ግን ሁለቱ ሎሌዎች ቀኑን ሙሉ ከጌታቸው አጠገብ ቆመው ይውሉ ነበር።

ዘመኑ የሃን ሥርወ መንግሥት የሚፈርስበት ነበር። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጃንደረቦች ከፍተኛ ሥልጣን ጨብጠው ስለ ነበር በእነርሱና በመኳንንቱ መካከል የቆየ ጥላቻ ነበረ። በ189 ጃንደረቦቹ የጦሩን የበላይ አዛዥ ሲገድሉ፣ ዩዋን ሻኦ የተባለው መኰንን ወታደሮቹን ይዞ ሉዎያንግ ወደሚገኘው ቤተ መንግሥት ገባና ጃንደረባ የተባለውን ሁሉ አስፈጀ። ወታደሮቹ ጃንደረባን ከሌላው ሰው የሚለዩት በጺም አልባነቱ ነበር። ስለዚህ በተፈጥሮ ጺም ያላበቀሉ ሰዎች ጭምር በስሕተት ተገደሉ፤ አንዳንዶቹም የተረፉት ልብሳቸውን አውልቀው ወንድነታቸውን በማሳየት ነው። በዚያ ቀን ከ2000 በላይ ሰዎች እንዳለቁ ተመዝግቧል። ጓን ዩ በጕልማሳነቱ የኖረበት ዓለም ይህ ነበር፤ ጺም የወንድነት ምስክር ሆኖ ሕይወትን የሚያተርፍበት፣ አለመኖሩም ሞትን የሚጠራበት ዓለም።

ጺም በገዥዎች ፊት

የጺም ትርጉም ግን በወንድነት አያበቃም። የሹመኛ ግርማም የሚለካበት ነበር። በሰሜን ቻይና ኃይል ያገኘውን የጻኦ ጻኦን መንግሥት ካገለገሉት ሊቃውንት አንዱ ጹዊ ያን ነው። ጺሙ አራት ቺ፣ በዛሬ ልክ 92 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደ ነበረ፣ ከግርማውም የተነሣ ጻኦ ጻኦ ራሱ ያከብረውና ይፈራው እንደ ነበር ተጽፎለታል። በ216 ጹዊ ያን በጻፈው ደብዳቤ ምክንያት ተከሶ ከቅጣት ላይ ዋለ። ቅጣቱን እየፈጸመም እንግዶች መቀበሉን አልተወም። ጻኦ ጻኦ የሞት ትእዛዝ ሲያወጣ የጠቀሰው ምክንያት፣ ሰውዬው በእንግዶቹ ፊት ጺሙን አቁሞ፣ የተቈጣ በሚመስል ዐይን ፊት ለፊት ያያል የሚል ነበር። ጹዊ ያን አንድም ቃል ሳይናገር ጺሙና ዐይኑ እንደ ዐመፅ ተቈጠሩበት።

የጓን ዩ ጌታ ሊዩ ቤይ ደግሞ ጺም አልነበረውም። በ211 ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዪ ግዛት በሄደ ጊዜ በግብዣ ላይ ዣንግ ዩ የተባለ ሪዙ የበዛ ሹም አገኘና በሰውዬው ጠጕራምነት ላይ በቃላት ጨዋታ ቀለደበት። ዣንግ ዩም በዚያው ዓይነት ጨዋታ የሊዩ ቤይን ጺም አልባነት አነሣበት። ሊዩ ቤይ በግብዣው ላይ ዝም ቢልም ነገሩን በልቡ ያዘው። ኋላ ግዛቱን ሲቈጣጠር ዣንግ ዩን አስገደለው። ለፍርዱ የቀረበው ምክንያት ያልሠመረ ትንቢት ነበር፤ ታሪኩ ግን የቆየውን ቂምም ሳይጠቅስ አላለፈም። በእንዲህ ያለ ጌታ ዘንድ የጓን ዩ ጺም በነጻነት መመስገኑ በሁለቱ መካከል የነበረውን መተማመን ያሳያል።

ታማኝነቱ

ይህ መተማመን በ200 ተፈትኗል። በዚያ ዓመት ጻኦ ጻኦ ሊዩ ቤይን ድል አድርጎ ጓን ዩን ማረከው። ምርኮኛውን እንደ እንግዳ አክብሮ ሾመው፤ ብዙ ስጦታም ሰጠው። ጓን ዩ ግን የጻኦ ጻኦን ውለታ ከፍሎ ወደ ጌታው እንደሚመለስ ዣንግ ሊያኦ ለተባለው መኰንን ሳይደብቅ ገለጠለት። ውለታውን የከፈለው በባይማ ጦርነት ነው፤ በጠላት ሠራዊት መካከል ፈረሱን ጋልቦ ያን ሊያንግ የተባለውን አዛዥ ገደለው። ስለዚህም የሃንሾው ባለ ግዛት የሚል ማዕረግ ተሰጠው። እርሱ ግን የተቀበለውን ስጦታ ሁሉ አሽጎ፣ የስንብት ደብዳቤ ትቶ፣ ወደ ሊዩ ቤይ ሄደ። ጻኦ ጻኦም እያንዳንዱ ሰው ጌታውን ያገለግላል በሚል መንፈስ ተከትለው እንዳይዙት አዘዘ። ለብዙ መቶ ዓመታት ስሙን ያስከበረው ከሁሉ በላይ ይህ ሥራው ነው።

ደብዳቤው

ሊዩ ቤይ ወደ ምዕራብ ሲዘምት ጓን ዩ በመካከለኛው ያንግትዜ ወንዝ ዳር የሚገኘውን የጂንግ ግዛት እየጠበቀ ቀረ። በ214 በሰሜን ምዕራብ ጀግንነቱ የታወቀው ማ ቻኦ ለሊዩ ቤይ ገባ። ጓን ዩ ይህን አዲስ ሰው አያውቀውም ነበርና፣ ከማን ጋር እንደሚወዳደር ለመጠየቅ ለሊዩ ቤይ ዋና አማካሪ ለዡጌ ሊያንግ ጻፈ። ዡጌ ሊያንግ ጓን ዩ መበለጥ እንደማይወድ ያውቅ ነበር። በመልሱም ማ ቻኦን አመሰገነ፤ ከዣንግ ፌይ ጋር የሚፎካከር መሆኑንም ገለጠ፤ ሪዛሙን ግን እንደማይደርስበት አስረዳ።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የጓን ዩ ስም አልተጠራም። በቻይና ሥርዓት ጎልማሳን ሰው በተወለደበት ስም መጥራት ነውር ስለ ነበር ለሰው ሁሉ የአክብሮት ስም ይወጣለት ነበር፤ የጓን ዩም ዩንቻንግ ነው። ዡጌ ሊያንግ ይህንንም ትቶ፣ በጉንጭ ላይ የሚበቅለውን ረጅም ሪዝ የሚያመለክተውን ራን የሚለውን ቃል ብቻ ተጠቀመ። የቻይና ቋንቋ ለላይኛው ከንፈር፣ ለአገጭና ለጉንጭ ጠጕር የተለያየ ስም ያለው መሆኑ ለጺም ይሰጥ የነበረውን ትኩረት ያስረዳል። ቼን ሾውም ጓን ዩ ውብ ሪዝ ስለ ነበረው እንዲህ እንደ ተጠራ አክሎ ጽፏል። አጠራሩ ወዳጅነትንና ክብርን በአንድነት የያዘ ነበርና ጓን ዩ እጅግ ተደሰተ፤ ደብዳቤውንም ለእንግዶቹ ሁሉ አሳየ።

ከዚሁ ቀጥሎ ታሪኩ ስለ ብርታቱ ይናገራል። በግራ ክንዱ ላይ የተወጋው ቀስት መርዝ ስለ ነበረው ሐኪም ሥጋውን ቀድዶ አጥንቱን እስኪፍቅ ድረስ ጓን ዩ ከመኰንኖቹ ጋር እየበላ፣ እየጠጣና እየሳቀ ክንዱን ዘርግቶ ተቀመጠ። ሁለቱ ታሪኮች ጐን ለጐን መቀመጣቸው ትርጉም አለው። አጥንቱ ሲፋቅ ያልተንቀሳቀሰው ሰው በአንድ የምስጋና ቃል ልቡ ተነካ።

ውድቀቱ

በ219 ሊዩ ቤይ የሃንዦንግ ንጉሥ ተብሎ አበጋዞቹን ሲሾም ጓን ዩ ከፍተኛ ማዕረግ ደረሰው። እርሱ ግን ኹዋንግ ዦንግ የተባለው አረጋዊ ወታደር አቻው መሆኑን ሲሰማ ተቈጣ፤ ሹመቱን የተቀበለው መልእክተኛው ከመከረው በኋላ ነው። ከዚያ ቀደም ሱን ቹዋን የተባለው የደቡብ ምሥራቅ ገዥ የጓን ዩን ልጅ ለልጁ እንዲድርለት በጠየቀ ጊዜ መልእክተኛውን ሰድቦ መልሶ ነበር።

በዚያው ዓመት ጓን ዩ ወደ ሰሜን ዘምቶ የፋንን ከተማ ከበበ። ከከባድ ዝናብ የተነሣ የሃን ወንዝ ሞልቶ የጻኦ ጻኦን ሰባት ክፍለ ጦር አጥለቀለቀ። አዛዡ ዩ ጂን እጁን ሰጠ፤ ጻኦ ጻኦም ዋና ከተማውን ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሰ። በዚህ የድሉ ከፍታ ላይ ጓን ዩ ስንቅ በሚገባ አልላካችሁም ሲል ከኋላው የቀሩትን ሁለት ሹማምንት እንደሚቀጣቸው ዛተባቸው። የሱን ቹዋን አበጋዝ ሉ መንግ ወታደሮቹን ነጋዴ አስመስሎ በጀልባ ወደ ጂንግ ባስገባ ጊዜ ሁለቱ ሹማምንት በሩን ከፈቱለት። ሉ መንግ በከተማው የነበሩትን የወታደሮች ቤተሰቦች በመልካም ስለ ያዘ የጓን ዩ ሠራዊት ተበተነ። ጓን ዩ ወደ ማይቼንግ ሸሸ፤ በ220 መጀመሪያ ላይም ከልጁ ከጓን ፒንግ ጋር ተይዞ ተገደለ። ራሱ ለጻኦ ጻኦ ተላከ፤ ጻኦ ጻኦም በመሳፍንት ሥርዓት አስቀበረው። ሊዩ ቤይ ለበቀል የከፈተው ጦርነት በሽንፈት ተፈጸመ፤ በ223ም ሞተ። ቼን ሾው ጓን ዩ ለተራ ወታደሮች ደግ፣ በሹማምንት ላይ ግን ኩሩ እንደ ነበረ ጽፎ ጥፋቱን ከዚህ ጠባይ ጋር አያይዞታል።

ከሞቱ በኋላ

በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት ይህ ኩራት ከሕዝቡ ትዝታ እየደበዘዘ፣ ታማኝነቱ ግን እየጎላ ሄደ። የሶንግ ነገሥታት የክብር ስሞች ጨመሩለት፤ በ1614 የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ዋንሊ በመለኮታዊ ንጉሥነት ማዕረግ ከፍ አደረገው። ነጋዴዎች የቃል ኪዳን ጠባቂ አድርገው ያዙት፤ የቡድሃ ገዳማትም ከጠባቂዎቻቸው አንዱ አደረጉት።

ጺሙም አብሮ አደገ። በሉዎ ጓንዦንግ ስም የሚታወቀውና ከጥንታዊ ኅትመቶቹ አንዱ በ1522 የወጣው የሦስቱ መንግሥታት ልቦለድ፣ ጓን ዩን ጺሙን ከብርድ በከረጢት የሚጠብቅ ሰው አድርጎ ይሥለዋል። በልቦለዱ ጻኦ ጻኦ ከስጦታዎቹ መካከል የጺም ከረጢት ይሰጠዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም አይቶ በጺሙ ውበት ይሰይመዋል። በቲያትር በአምስት ዘለላ የተከፈለ ረጅም ጥቁር ጺም ይደረግለታል። ጺም ያልነበረው ሊዩ ቤይ እንኳ በመድረክ ላይ ጺም ያንጠለጥላል፤ የኋላው ትውልድ ደግ ገዥን ያለ ጺም ማሰብ አልቻለምና።

ማጠቃለያ

በጓን ዩ ዘመን ጺም ከወላጅ የተቀበሉት አደራ፣ የወንድነት ምስክርና የሹመት ግርማ ነበር፤ በራሱ የታማኝነት ምልክት አልነበረም። ይህን ትርጉም ያገኘው ከጓን ዩ በኋላ፣ በጓን ዩ ምክንያት ነው። ዡጌ ሊያንግ በደብዳቤው ሪዛሙ ሲለው ያረካው የአበጋዙን መበለጥ አለመውደድ ነበር፤ ጂንግን ያሳጣውም ይኸው ጠባይ ነው። ሕዝቡ ምስሉን ወደ ቤተ መቅደስ ሲያስገባ ጺሙን ጠብቆ ከኩራቱ ለየው፤ በ200 ስጦታን አሽጎ ወደ ጌታው ከተመለሰው ሰው ጋርም አስተሳሰረው። ስለዚህ የታሪክ ተመራማሪ በቀዩ ፊት ላይ ያለውን ጥቁር ጺም ሲያይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማንበብ ይኖርበታል፤ እነርሱም አንድ ሰው በሕይወቱ የተደሰተበት ክብርና ሕዝብ ከሞቱ በኋላ የሰጠው ክብር ናቸው።