አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምና የቃል ሥር

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳቸው ሊቅ የገዛ አገራችን ልጅ ናቸው። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1853 ዓ.ም. ገደማ በበጌምድር፣ በይፋግ አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በምንኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ኋላም የቤተ ክህነቱን ትምህርት ጠለቅ ብለው ተማሩ። በ1889 ዓ.ም. መጽሐፈ ሰዋስው የተባለው ሥራቸው እዚያው ምንኩሉ ታተመ። የግዕዝን ሰዋስው ያስረዱት ግን በአማርኛ ነው፤ ጉባኤ ቤት ያልዋለም ሰው አንብቦ ሊማርበት ይችላል።

ታዲያ ሰዋስው ለኛ ለመምህራን ምን ይጠቅመናል? ሰዋስው የቃልን ሥር ከባዕድ መነሻውና ከባዕድ መድረሻው ለይቶ ያሳየናል። ትምህርት የሚለው ቃል በሐመሩ ሐ ተጽፎ ስንት ሰሌዳ ላይ አይተናል! በግዕዝ አስተማረ ለማለት መሀረ ነው፣ በሃሌታው ሀ፤ መምህርና ትምህርት ከዚህ ይወጣሉ። ይቅር አለ ለማለት ደግሞ መሐረ ነው፣ በሐመሩ ሐ፤ ምሕረት ከዚህ ይወጣል። ከፊት መ ወይም ት፣ ከኋላም ት ቢጨመር የሥሩ ፊደል ከቦታው አይነቃነቅም። በአማርኛ ግን ጆሮ ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ ሥሩ ያልተነገረው ልጅ ቢሳሳት አይፈረድበትም።

አለቃ ታዬ በ1898 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ተልከው ወደ በርሊን ሄዱ፤ እስከ 1900 ዓ.ም. ድረስም በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ በእምነታቸው ምክንያት ተከሰው ብዙ ተንገላቱ። ይሁን እንጂ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተሰኘው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ታተመ። በ1916 ዓ.ም. አረፉ።

እንግሊዝኛ የምናስተምርም ብንሆን ከዚህ የሰዋስው መንገድ አንወጣም። ምልክት ማለት የሆነው ሳይን ሲነበብ ጂ የምትባለው ፊደል ድምጿ አይሰማም፤ ሲግናል ሲባል ግን ብቅ ትላለች። ልጁ የሁለቱን ቃላት ዝምድና ካወቀ ፊደሏን አይጥላትም። ነገ ገሳይም ሆነ ከዚያ ወዲያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ስንመደብ፣ በልጁ ደብተር ላይ በቀይ ከማስመራችን በፊት የቃሉን ሥር እናሳየው።